የሕፃን ልብስ የት ይቀመጥ ነበር?

ባለፈው ሰኔ የማኅበራችንን ንብረት ስንቆጥር ወንበሩ፣ ድንኳኑ፣ ብረት ድስቱና የቡና ሲኒው በአንድ ከሰዓት አለቀ። አንድ የቆርቆሮ ሳጥን ብቻ ሁለት ቀን ወሰደብን። ይህ ሳጥን አባላት ሁሉ የምታውቁት፣ የአራስ ልጅ ልብስ የምናስቀምጥበት ነው። ደንቡ አጭር ነው። ነፍሰ ጡር የሆነች አባል ስምንተኛ ወሯ ሲገባ አንድ ሙሉ የአራስ ልብስ ትወስዳለች፤ ልጁ ሲያድግበት አጥባ ትመልሳለች፤ ከቻለች አንድ ፍሬ ትጨምርበታለች። እኛ መዝገብ የምንይዘው የሒሳብ ሰዎች ስለሆንን የገባውን እንደ ሞዴል 19፣ የወጣውን እንደ ሞዴል 22 አድርገን በደብተር እናሰፍራለን። አንዳንድ እህቶች «ለጨርቅ ይህ ሁሉ ፊርማ?» እያሉ ይስቁብናል፤ ይሳቁ።

ቆጠራውን ያስረዘመው የጎደለ ልብስ አልነበረም። ደብተሩን ከልብሱ ጋር ስናመሳክር ያልጠበቅነውን ነገር አየን። ደንቡ «በስምንተኛ ወር» ይላል፤ ልብሱ የወጣበት ቀን ግን፣ ከጥቂቶች በቀር፣ ልጁ ከተወለደ ከሦስት፣ ከአምስት፣ ከአሥር ቀን በኋላ ነው። የፈረመችውም እናቲቱ አይደለችም፤ እህቷ፣ አማቷ ወይም ጎረቤቷ ናት። ታዲያ ልጁ በእነዚያ ቀናት ምን ለብሶ ሰነበተ? ጥያቄውን በወርኃዊው ስብሰባ ላይ ስናነሳ በዕድሜ ከሁላችንም የሚበልጡት እማማ፣ «ልጄ፣ እንግዳው ሳይመጣ አልጋ አይነጠፍም። ስንቱን ጠብቀን ስንቱ ቀረ» አሉን። ቤቱ ዝም አለ። ከዚያ በኋላ ስለ ቁጠባው ገንዘብ መናገር እንኳ ከበደን።

ይህን ጽሑፍ ያስጻፈን ያ ዝምታ ነው። የሕፃን ልብስ በወላይታ ቤት የት ይቀመጥ እንደነበርና በምን ምክንያት ቦታውን እንደቀየረ ታላላቆቻችንን ጠይቀን፣ ካነበብነውም ጨምረን እነሆ አቅርበናል።

የድሮውን የወላይታ ቤት ብዙዎቻችን በልጅነታችን አይተነዋል። ክብ ነው፤ ጣሪያው ሣር ነው፤ መስኮት የለውም። በአንድ ወገን ከብቶች ያድራሉ፤ መሐል እሳት ይነድዳል፤ ከጓሮው እንሰት አለ። በዚህ ቤት ለእህሉ ቦታ አለው፣ ለቅቤው ቦታ አለው፣ ለቆጮው ጉድጓድ አለው። ለልብስ ግን የተለየ ዕቃ አልነበረውም፤ ሰው ልብሱን ለብሶት ይውላል፣ ለብሶት ያድራልና። የተረፈ ጋቢ ቢኖር ከእንሰት ቃጫ በተገመደ ገመድ ላይ ይሰቀላል፤ ጭሱም ያጠቁረዋል። በአማርኛ «የክት ልብስ» የምንለው ቃል ራሱ የማስቀመጫን ነገር ይነግረናል። ክት ማለት የተከተተ፣ በዘወትር የማይለበስ ማለት ነው። ክት ያለው ሰው መክተቻ ያስፈልገዋል፤ የሌለው አያስፈልገውም።

አራስ ልጅ ደግሞ ክት ቀርቶ የዘወትርም የራሱ ልብስ አልነበረውም። የሚጠቀለለው ከእናቱ አሮጌ ነጠላ ወይም ጋቢ በተቀደደ ቁራጭ ነው። ይህን ሁሉ ለድህነት ብቻ ብንሰጠው እንሳሳታለን። ብዙ ጊዜ የታጠበ ጥጥ ይለሰልሳል፤ ለአዲስ ቆዳ ከአዲስ ጨርቅ ይሻላል። ዛሬም አራስ የሚጠይቁ እናቶች «አሮጌ ነጠላ የለሽም?» ሲሉ እንሰማለን፤ ትክክል ናቸው። ግን የዚህ ልማድ ሌላው ፊት እማማ የነገሩን ነው። ከእናት ልብስ የሚቀደድ ቁራጭ አስቀድሞ መዘጋጀት አያሻውም። ልጁ ሲመጣ ይቀደዳል፤ ካልመጣ አይቀደድም። ማንም ያላየው ዝግጅት ስለሆነ ማንም ያላየው ሐዘን ይሆናል።

ጨርቅ በቀላሉ የሚገኝ ነገር አልነበረም። ጥጡ የሚመጣው ከቆላው ነው፤ ከአባያ ሐይቅ ወገንና ከብላቴ። ሴቶች ፈልቅቀው፣ ነድፈው፣ በእንዝርት ይፈትላሉ፤ ወንዶች ይሸምናሉ። ለአንድ ጋቢ የሚበቃ ድርና ማግ ከቤት ሥራ በተረፈ ሰዓት ለምትፈትል ሴት የብዙ ሳምንት ድካም ነው። ያን ያህል የደከመችበትን ሙሉ ጨርቅ ቆርጣ በሦስት ወር ውስጥ ለሚጠብበት ልጅ ልብስ ልትሰፋ አትችልም። ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር መስመር ያለው ዱንጉዛ ደግሞ የነገሥታትና የባላባት ልብስ ነበር። ዛሬ ለጊፋታ ገና መቆም ያልቻለ ልጅ የዱንጉዛ ሙሉ ልብስ ለብሶ ፎቶ ሲነሳ እናያለን። እኛ እናቶች ለፎቶው እንስቃለን እንጂ፣ በታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ የወላይታ ሕፃን የክት ልብስ እንዳለው አናስተውለውም።

በ1887 ዓ.ም. የዳግማዊ ምኒልክ ጦር ካዎ ጦናን ድል ካደረገና ብዙ ሰውና ከብት ካለቀበት ጦርነት በኋላ ወላይታ ከማዕከሉ ገበያ ጋር ተያያዘች። በዚያ ገበያ ላይ ትልቁ የጨርቅ ስም አቡጀዲ ነበር። አቡጀዲ ከአሜሪካ ፋብሪካዎች በኤደንና በጅቡቲ በኩል የሚመጣ ያልነጣ የጥጥ ጨርቅ ነው። በ1896 ዓ.ም. ሮበርት ስኪነር የተባለው የአሜሪካ መልእክተኛ አዲስ አበባ ድረስ መጥቶ ከምኒልክ ጋር የንግድ ውል የተፈራረመው ያለ ነገር አይደለም፤ አንዱ ጉዳይ ይኸው ጨርቅ ነው። በ1909 ዓ.ም. ባቡሩ አዲስ አበባ ሲገባ የውጭ ሸቀጥ መንገድ አጠረለት። ከጣሊያን ወረራ በፊት ባሉት ዓመታት ደግሞ የረከሰው የጃፓን ጨርቅ የአሜሪካኑን ከገበያ ገፋው። ከዚያ በኋላ የድሬዳዋ፣ የአቃቂና የባሕር ዳር ፋብሪካዎች ጨርቅ መጣ።

ይህ ሁሉ ከሕፃን ልብስ ጋር ምን አገናኘው? በክንድ ተለክቶ የሚሸጥ ጨርቅና የልብስ ስፌት መኪና ያለው ሰፊ ገበያው ዳር ሲቀመጥ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ለልጅ ተብሎ የሚሰፋ ነገር መጣ። አጭር እጀ ጠባብ፣ ትንሽ ቀሚስ፣ ቆብ። ልጁ ሲያድግ እነዚህ ወደ ጋቢነት አይመለሱም። ለሚቀጥለው ልጅ ይቀመጣሉ። ማስቀመጫ የተፈለገው ያኔ ነው፤ ትርፍ ሲኖር።

ያ ማስቀመጫ ግን ሳጥን አልነበረም። ለብዙው ቤት ማዳበሪያ ነበር። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ዋዱ በሚለው አጭር ስሙ የምናውቀው የወላይታ እርሻ ልማት ድርጅት በዓለም ባንክ ብድር ተቋቁሞ ለገበሬው ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ በዱቤ ያከፋፍል ነበር። ወላጆቻችን «የዋዱ ዘመን» እያሉ ያወሩታል። ማዳበሪያው መሬት ላይ ተበተነ፤ ከረጢቱ ቤት ቀረ። በአማርኛም ስሙ ከፍሬው ወደ ከረጢቱ ተላልፎ እስከ ዛሬ ማንኛውንም ጆንያ መሳይ የላስቲክ ከረጢት ማዳበሪያ እንለዋለን። እህሉም፣ ከሰሉም፣ የልጆች ልብስም በእሱ ነው የሚቀመጠው። ለምን እንደተወደደ ግልጽ ነው። ነጻ ነው፤ በጣሪያው ጥላሸት አይጠቁርም፤ ምሰሶው ላይ ይንጠለጠላል፤ ቤት ቢቃጠል ወይም መሰደድ ቢመጣ ተሸክሞ ይወጣል። ክፉ ጎኑ አየር አለማስገባቱ ነው። ትንሽ እርጥበት ያለው ጨርቅ ከገባበት ክረምቱን ሻግቶ ይወጣል። አንዳንድ እናቶች በደንብ ሳያጥቡት የልጅ ልብስ ያስገቡበት እንደነበርና ልጁን ያሳከከው ምን እንደሆነ ዘግይተው እንደተረዱ አጫውተውናል።

የ77ቱ ድርቅ ማዳበሪያውንም ባዶ አደረገው። እማማ ያኔ የሁለት ልጆች እናት ነበሩ። ለእህል ሲሉ መጀመሪያ ጋቢያቸውን፣ ቀጥሎ የጥልፍ ቀሚሳቸውን፣ በመጨረሻ የልጆቹን ልብስ በጥቅል ገበያ አውጥተው እንደሸጡ ነገሩን። ገዢው ርካሽ ስላገኘ ሳይከራከር ከፈላቸው አሉ። «ስንቱ ቀረ» ያሉት የዚያን ጊዜ ነው። ከዚህ በላይ አልጠየቅናቸውም።

ከድርቁ በኋላ በነበሩት ዓመታት ሁለት ነገሮች አብረው መጡ። አንዱ የቆርቆሮ ሳጥን ነው። ከወላይታ ወደ አዲስ አበባ ሄደው ሊስትሮ የሠሩ፣ የቀን ሥራ የሠሩ ወንድሞቻችን ለጊፋታ ሲመለሱ የያዙት ሳጥን በመንደሩ ዓይን ይገባ ነበር። ሙሽራም ሳጥን ይዛ መግባት ጀመረች። አሮጌ በርሜልና ቆርቆሮ ተቀጥቅጦ ሳጥን፣ ምድጃና ባልዲ የሚሆንበትን የመርካቶውን ምናለሽ ተራ ያየ፣ ያ ሳጥን በማን እጅ እንዳለፈ ይገምታል። ሳጥን ቁልፍ አለው። በአንዲት የወላይታ ሴት ቤት ውስጥ በእሷ ስም የሚቆለፍ የመጀመሪያው ነገር ይኸው ነው ብንል ማጋነን አይሆንብንም። ከነጠላዋ ሥር ጥቂት ገንዘብ፣ ከገንዘቡ ሥር የልጆቿን ልብስ ትከታለች።

ሁለተኛው ሰልባጅ ነው። አሮጌ ልብስ ለንግድ ወደ አገር ማስገባት የተከለከለ ቢሆንም ቦንዳው በኮንትሮባንድ እየገባ በሶዶ፣ በቦዲቲና በአረካ ገበያ መሬት ላይ ተዘርግቶ ይሸጣል። ብዙዎቻችን ልጆቻችንን ያሳደግነው በእሱ ነው፤ ልንክደው አይገባም። ሰልባጅ የሕፃን ልብስን አበዛው። ብዛቱ ደግሞ አዲስ ችግር አመጣ። ድሮ አንድ ቁራጭ የነበረው ዛሬ ሃያ ፍሬ ሆነ፤ ሃያው በአምስት ዓይነት መጠን ነው፤ የሚለበሰው ግን አራቱ ብቻ ነው። በአንድ ክፍል ኪራይ ቤት የምትኖር እናት የልጇን ልብስ በሳፋ ክዳን ሥር፣ በሳሙና ካርቶን፣ በአልጋ ሥር፣ በመጋረጃው ወዲያ ታደርጋለች። የሶዶ አናጢዎች የሚሠሩት ቁም ሳጥን ያላት አለች፤ ዚፕ ያለውን የጨርቅ ቁም ሳጥን የገዛችም አለች። ኮመዲኖ የሚለው ስም ከጣሊያን መጥቶልናል። ለሕፃን ብቻ የሚሆን ክፍል ግን ከማኅበራችን አባላት አንዲትም የላትም፤ በቴሌቪዥን እናየዋለን።

አሁን ወደ ስምንተኛው ወር እንመለስ። እማማ የመለሱልንን መልስ አንዳንዶቻችን «አጉል እምነት ነው» ብለን ልናልፈው ነበር። እኛ ግን የቁጥር ሰዎች ነንና ቁጥሩን አየነው። በ1992 ዓ.ም. በተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በአገራችን በሕይወት ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። በ2008 ዓ.ም. ይህ ቁጥር ወደ 67 ወረደ። ትልቅ ለውጥ ነው። በመጀመሪያው ወር የሚሞቱት ግን ከ49 ወደ 29 ነው የወረዱት። የመጀመሪያው ወደ 60 በመቶ ሲቀንስ ሁለተኛው የቀነሰው ወደ 41 በመቶ ነው ማለት ነው። በሌላ አነጋገር፣ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ከሚሞቱት ውስጥ በመጀመሪያው ወር የሚሞቱት ድርሻ ከሦስት አንድ ከማይሞላው ከአምስት ሁለት ወደሚበልጠው ከፍ ብሏል። ይህ የመላው አገሪቱ ቁጥር ነው። የእናቶቻችን ፍርሃት የቆመው ልክ እዚህ ወር ላይ ነው። የእኛ ሳጥንም የሚያገለግለው ይህንኑ ወር ነው። ፍርሃቱን ባናከብረው በቁጥርም ተሳስተናል።

ፍርሃቱን የገፋው ነገር ደግሞ ስብከት አይደለም። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ጤና ኬላን ወደ ቀበሌ አመጣው። በጤና ተቋም የሚወለዱ ሕፃናት በ1992 ዓ.ም. ከ100 አምስት ብቻ ነበሩ፤ በ2008 ዓ.ም. 26 ሆኑ። እናት በቤቷ ስትወልድ ጨርቅ እዚያው ይቀደዳል። ከቤት ወጥታ ስትወልድ ግን ጨርቁ አብሯት መጓዝ አለበት፤ ለመጓዝም አስቀድሞ ታጥቦ ተጣጥፎ ቦርሳ ውስጥ መግባት አለበት። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ስለ ወሊድ ዝግጅት ሲያስተምሩ ንጹሕ ልብስ አስቀምጡ የሚሉት ለዚህ ነው። ነገሩ የውበት አይደለም። አራስ ልጅ ሙቀቱን በራሱ መጠበቅ አይችልም። እንደተወለደ መድረቅ፣ በእናቱ ደረት ላይ ቆዳ ለቆዳ መሆን፣ ቆብ ማድረግና መሸፈን አለበት፤ ገላውም ቢያንስ እስከ 24 ሰዓት አይታጠብም። ደረቅ ጨርቅ በዚያች ሰዓት አጠገብ ካልተገኘ፣ በሦስተኛው ቀን በአክስት እጅ ቢመጣ ዋናው ጊዜ አልፎበታል።

ይህ ጉዳይ የእኛ ብቻ አይደለም። ፊንላንድ ዛሬ ሀብታም አገር ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ግን ደኻ ነበረች፤ ከ1,000 ሕፃናት 65 ያህሉ ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱባት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1938 መንግሥት ለደኻ እናቶች የሕፃን ልብስና ጨርቅ በካርቶን ሞልቶ መስጠት ጀመረ። ካርቶኑ ራሱ የሕፃኑ አልጋ ሆኖ ያገለግል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1949 ለእናቶች ሁሉ ሆነ፤ አንድ ግዴታ ግን ታከለበት፤ እናቲቱ አራተኛው የእርግዝና ወር ሳያልቅ ለምርመራ መቅረብ አለባት። የፊንላንድን ልጆች ያተረፈው ካርቶኑ ብቻ ነው የሚል ካለ አንስማማም። እናቲቱን በጊዜ ወደ ሐኪም ያመጣው ግን ካርቶኑ ነው።

እኛም የራሳችንን ጥፋት እንናገር። ሳጥኑ እንደተገዛ መጀመሪያ ያደረግነው ናፍታሊን የሚባለውን ነጭ እንክብል ገዝተን ብል እንዳይበላው በመሐሉ መበተን ነበር። አንዲት ነርስ አባላችን አየችና ጮኸች። የናፍታሊን ሽታ የገባበት ልብስ በአንዳንድ ሕፃናት ላይ ደማቸውን አፍርሶ ዓይናቸውን ቢጫ የሚያደርግ ሕመም ሊያመጣ ይችላል። ሁሉንም አውጥተን ደጋግመን አጥበን በፀሐይ አሰጣነው። በተከታዩ ክረምት ደግሞ ሳጥኑን በኪራዩ ክፍል ሲሚንቶ ላይ እንዳለ ትተነው፣ በሐምሌ ዳሞታ በጉም ተሸፍኖ ልብስ በማይደርቅበት ሰሞን የተመለሰ ጥቅል «ይደርቃል» ብለን ከተትነው። መስከረም ላይ ስንከፍት አሥራ አንድ ፍሬ ሻግቷል፤ በሥር ያለው ዝገት ነክቶታል። በሒሳብ ቋንቋ «የተበላሸ» ብለን ጻፍን፤ ስናጥፈው ግን አፍረን ነበር።

አሁን ሳጥኑ በሁለት እንጨት ላይ ተነስቷል። በፀሐይ ያልደረቀ ነገር አይገባበትም፤ ክረምት ሲሆን በከሰል ካውያ ተተኩሶ ይገባል። ልብሱን በላስቲክ ማስቀመጥ ትተን ከአቡጀዲ ራሳችን በሰፋናቸው ከረጢቶች አድርገናል፤ አየር ያስገባሉ። በቁመት ሳይሆን በዕድሜ ለይተነዋል። ለመጀመሪያው ወር የሚሆነው ከላይ ነው፤ እስከ ሦስት ወር ያለው ቀጥሎ ነው፤ ከስድስት ወር በላይ ያለው ከሥር ነው፤ ለእሱ ማንም አይቸኩልም። ለሸቀጥ የተማርነው «ቀድሞ የገባ ቀድሞ ይወጣል» የሚለው ሕግ እዚህ አይሠራም። ብዙ ልጅ ያሳደገው ልብስ ለስልሷል፤ ለአራሱ እሱ ይመረጣል፤ አዲሱ ይጠብቃል።

ለደጋፊዎቻችንም አንድ ቃል አለን። የላካችሁት ልብስ ሁሉ በምስጋና ተመዝግቧል። ከውስጡ ግን በበረዶ አገር የሚለበስ ወፍራም ቱታ አለ፤ በሶዶ በረዶ አይጥልም፤ ሳጥኑን ግማሽ ይዞ ሁለት ዓመት ተቀምጧል። የሚጠቅመን ተራ የጥጥ ልብስ፣ ቆብ፣ ካልሲና ፎጣ ነው። ከዚህም የሚሻለው እዚሁ ከሸማኔና ከልብስ ሰፊ የምንገዛበት ገንዘብ ነው፤ ደረሰኙን እንልካለን።

በቆጠራው ሁለተኛ ቀን ያገኘነውን ሳንነግራችሁ ግን አንጨርስም። በከረጢቱ ሥር አንድ ሙሉ ጥቅል ነበር። ታጥቧል፤ ተጣጥፏል፤ አልተለበሰም። ደብተሩ ላይ ወጪ ሆኖ ገቢ አልሆነም። የያዝነው ዓምድ «የተመለሰ»፣ «ያረጀ» እና «የጠፋ» ብቻ ስለነበር የመዘገበችው እህት የትኛው ላይ እንደምትጽፍ ቸግሯት ባዶ ትታዋለች። ልጁ የኖረው ሁለት ቀን ነው። ጥቅሉን ያመጣችው የእናቲቱ እህት ናት፤ «ለሌላ ትሰጡታላችሁ?» ብላ ጠይቃ መልስ ሳታገኝ ሄዳለች። ከእኛም አንዳንዱ «ለሌላ ልጅ አይሆንም» አለ፤ አንዳንዱ «ጨርቅ ምን አደረገ?» አለ። ክርክሩ ሲከር እማማ፣ «እናቲቱ ሳትጠየቅ እናንተ ምን ታወራላችሁ?» አሉ። ሄደን ጠየቅናት። «ስጡት፤ የእኔ እንደነበረ ግን ለማንም አትንገሩ» አለችን። በደብተሩ ላይ ያለ ስም ገቢ አደረግነው። አንድ ዓምድም ጨመርን፤ ርዕስ አልሰጠነውም፤ መስመር ብቻ ነው።

ከዚያ ቤት ስንወጣ ነው ነገሩ የገባን። እናቶቻችን የሚፈሩት ልብሱን አይደለም። የሚፈሩት ልጁ ከመምጣቱ በፊት በቤታቸው ውስጥ ሆኖ የሚያያቸውን ልብስ ነው። ልጁ ቢቀር አራሷ ስትተኛም ስትነሳም ዓይኗ ያርፍበታል። ታዲያ ልብሱ ዝግጁ ሆኖ ከቤቷ ውጭ ቢቀመጥስ? የጋራ ሳጥን ያለን ለዚህ አይደል?

በሐምሌው ጠቅላላ ጉባኤ ደንቡን ቀይረናል። «በስምንተኛ ወር ትወስዳለች» የሚለው «በስምንተኛ ወር ይዘጋጅላታል» ተብሏል። እናቲቱ ለእርግዝና ክትትል የሄደችበትን ካርድ ለጸሐፊዋ ታሳያለች። ሁለት ቆብ፣ ሦስት ልብስ፣ ስድስት የሽንት ጨርቅ፣ አንድ ፎጣና አንድ መጠቅለያ በአቡጀዲ ከረጢት ይታሰርና በስሟ ሳይሆን በአባልነት ቁጥሯ ይቀመጣል። እሷ ማየትም መንካትም የለባትም። ምጥ ሲጀምራት ወደ ጤና ጣቢያ የሚሸኛት ሰው መጥቶ ይወስዳል። ምጥ ሰዓት አይጠብቅምና ቁልፉ ሦስት ሆኗል። አንዱ በጸሐፊዋ፣ አንዱ በገንዘብ ያዣችን፣ አንዱ ሌሊት በራቸውን ለማንኳኳት ማንም በማይፈራቸው በእማማ ዘንድ ነው።

ይህ ጽሑፍ እስከ ተዘጋጀበት ቀን ድረስ አምስት ጥቅል ታስሮ ተቀምጧል። ከአምስቱ የአንዱ ቁጥር ያችው ያልተለበሰውን የመለሰችው እህታችን ናት፤ ካርዷን ይዛ የመጣችው ራሷ ነች።